ስንቁን በመንገድ የጨረሰ ኮርማ

ከዚህ ዓምድ ደንበኞች አንዲት የቤት እመቤት፣ «ከአንድ ሥጋ ቤት፣ ከአንድ ብልት፣ በአንድ ዋጋ የምገዛው ሥጋ አንድ ቀን ደማቅ ቀይ ሆኖ ደስ ሲያሰኝ፣ ሌላ ቀን እንደ ጉበት ጠቍሮ፣ በጣት ሲነኩት እየተጣበቀ፣ በማግሥቱም እየሸተተ የሚያስቸግረኝ ስለ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀውናል። እኛም ጥፋቱን በባለ ሥጋ ቤቱ ላይ ለመጣል ጥቂት ቀርቶን ነበር። መልሱን ያገኘነው ግን ከሥጋ ቤት ሳይሆን ከባሕር ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ወደብ ነው።

ወደ ጅቡቲ ከመውረዳችን በፊት አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት ባለሥልጣኖች ስንል የከብትን ስም እንደ ዕድሜውና እንደ ሥራው ለይተን ማስታወቅ ይገባናል፤ ስሙ የተሳሳተ ውል ሻጭና ገዢን ያጣላልና። ላም የወለደችው፣ ወንድም ቢሆን ሴት፣ ጥጃ ይባላል። ጡት ጥሎ ከፍ ሲል ወንዱ ወይፈን፣ ሴቲቱ ጊደር ትባላለች። ወይፈኑ ሳይኰላሽ አድጎ ለላሞች አባት ሲሆን ኮርማ ነው። ተኰላሽቶ ቀንበር የለመደው በሬ፣ ለሥጋ ተብሎ እየተቀለበ የሰባው ደግሞ ሰንጋ ይባላል። እንግዲህ በሬና ኮርማ በእንግሊዝኛም ሆነ በፈረንሳይኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ሁሉ በአማርኛም አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው የስም ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ጅቡቲ ከደጋ የሚወርደውን ሰው አስቀድማ የምትቀበለው በሙቀቷ ነው። በበጋዋ፣ ማለት እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ፣ ኀምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከተማዪቱ ከኢትዮጵያ ጋር በሐዲድ ከተያያዘች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ከወደቡ የተነሣው የባቡር መንገድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። እኛ ባየንበት ቀን ግን ከብቱ የወረደው በካሚዮን ነበር። በአዳማ ዙሪያ ካሉት ማደለቢያዎች ተነሥቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ እስከ ባሕሩ ድረስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳመርጆግ የሚባል ስፍራ አለ። በ2006 የተከፈተውና ኳራንቲን የሚባለው የእንስሳት ማቆያ የሚገኘው በዚያ ነው። ካሚዮኑ ጀርባውን ለመውረጃው ሰጥቶ ቆመና በሩ ሲከፈት ኮርማዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የቦረና ዘር ናቸው፤ ሻኛቸው የቆመ፣ መልካቸው ወደ ነጭ የሚያደላ። ዐይናቸው ጎድጉዷል፤ ጎናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሌሎቹ ወደ ገንዳው ሲሮጡ አንዱ ብቻ ራሱን ዝቅ አድርጎ ውኃው አጠገብ ቆመ እንጂ አልጠጣም። ከብቱን የሚቀበሉት ሽማግሌ ወደ እርሱ ቀረብ ብለው ጎኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አባባ፣ ታሟል?» አልናቸው።

«አልታመመም ልጆቼ። ስንቁን ጨርሷል» አሉን።

ሽማግሌው ይህን ያሉት ከልምድ ነው። የሳይንስ ሰዎችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። የነገሩን ሥር ለመረዳት ግን ከመንገዱ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ሥጋ በከብቱ ገላ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ጡንቻ እንደ ነዶ የታሰሩ ቀጫጭን ክሮች ስብስብ ነው። የክሮቹ ቍጥር አብዛኛውን ጥጃው ከመወለዱ በፊት በእናቱ ማኅፀን ይወሰናል፤ ከተወለደ በኋላ ክሩ ይወፍራል፣ ይረዝማል እንጂ አዲስ ክር እምብዛም አይጨመርም። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ያረገዘች ላም ብትጎዳ ጕዳቱ በልጇ ሥጋ ላይ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊታይ ይችላል። ከብት ሲያድግ አስቀድሞ አጥንቱ፣ ቀጥሎ ጡንቻው፣ በመጨረሻም ስቡ ይሞላል። ስቡም ራሱን የቻለ ተራ አለው፤ ኵላሊቱንና አንጀቱን የሚከበው ሞራ ይቀድማል፤ ከቆዳ በታች ያለው ይከተላል፤ ከሁሉ በኋላ የሚመጣው በሥጋው ክሮች መካከል እንደ ነጭ ፈትል የሚጋደመው ነው። ሥጋውን የሚያጣፍጠው ይህ የመጨረሻው ስብ በመሆኑ፣ ጊዜና መኖ የማይሰጥ ሰው አያገኘውም። የሐረርጌ ገበሬ ይህን ከማንም መጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። በሬውን ጥቂት ዓመት ካረሰበት በኋላ በደጁ አስሮ፣ የማሽላውን ቡቃያ ሲያሳሳ የነቀለውን አገዳ በእጁ እያጐረሰ ያሰባዋል። የሐረር ሰንጋ ስም ያወጣው በዚህ ነው።

ዕድሜ ግን ሌላም ነገር ያመጣል። የጡንቻውን ክሮች አቅፎ የሚይዝ ኮላጅን የሚባል ስስ ማሰሪያ አለ። በወጣት ከብት ገላ ውስጥ ይህ ማሰሪያ በፈላ ውኃ ቶሎ ይሟሟል፤ ዘመን ሲቈጠር ግን እርስ በርሱ እየተቈላለፈ እሳት የማይበግረው ይሆናል። ብዙ የሠራ ብልት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ማሰሪያው ይበዛል። ወርችና ቅልጥም ረጅም ሰዓት መቀቀል የሚሹት፣ ከጀርባው ውስጥ ተጋድሞ ያለ ሥራ የኖረው ጭቅና ግን ለአፍታ እሳት ቢያየው የሚበቃው ስለዚህ ነው። የከሳ ወይፈን ሦስት ወር ያህል በደንብ ሲቀለብ ሥጋው የሚለሰልስበትም አንዱ ምክንያት፣ በፍጥነት ሲያድግ የሚሠራው አዲስ ማሰሪያ ገና ያልተቈላለፈ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ስንቁ እንመለስ። ጡንቻ ለሩጫና ለድንገተኛ ሥራ የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። ደኅና የተቀለበና ያረፈ ከብት በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም የሚሆን ይህን ስንቅ ይይዛል። ሲያዩት ኢምንት ነው፤ የሥጋው ዕጣ የሚወሰነው ግን በዚህ ኢምንት ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ ጡንቻው ወዲያው ሥራውን አያቆምም። ደም የሚያመጣለት አየር ቢቋረጥበትም፣ ስንቁን እያቃጠለ ለጥቂት ሰዓት ይቈያል፤ ከዚህም መቃጠል ላክቲክ አሲድ ይወጣል። ኮምጣጣነትን ሊቃውንቱ ፒኤች በሚሉት መለኪያ ያነቡታል፤ ቍጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በሕይወት ሳለ 7 ገደማ የነበረው ሥጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ነጥብ 5 አካባቢ ይወርዳል። በዚህ መጠን የኮመጠጠ ሥጋ ሲቈረጥ ነፋስ እንደ ነካው ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ በርከት ላለ ጊዜም ይቈያል።

ስንቁን በመንገድ የጨረሰ ከብትስ? የሚያቃጥለው ስለሌለ ሥጋው አይኮመጥጥም፤ ቍጥሩ ከ6 በላይ ይቀራል። የጡንቻው ክሮች ውኃቸውን ይዘው እንዳበጡ ስለሚቀሩ ብርሃን ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ አይመለስም፤ የገባውንም ጥቂት አየር ሥጋው ራሱ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ሥጋው ይጠቍራል፣ በጣትም ላይ ይጣበቃል። በስኳሩ ፈንታ ተሕዋስያኑ የሥጋውን ፕሮቲን ቶሎ መብላት ይጀምራሉና በማግሥቱ ይሸታል። እነሆ፣ የእመቤቲቱ ጥያቄ ተመለሰ። የጠቈረው ሥጋ ሁልጊዜ የአሮጌ በሬ ወይም የታመመ ከብት ሥጋ አይደለም፤ ደክሞ የታረደ ከብት ሥጋም ሊሆን ይችላል። ባለ ሥጋ ቤቱን ለመክሰስ ቸኵለን የነበርነው እኛ፣ በዚህ ረገድ ይቅርታ የምንጠይቀው አለን።

የጅቡቲ መንገድ ስንቅ የሚያስጨርስባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከብቱ በሚንቀጠቀጥ ካሚዮን ላይ ላለመውደቅ ሌት ከቀን አራት እግሩን ወጥሮ ይቆማል። ከደጋ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ሙቀቱ ያስለከልከዋል። ይጠማል፤ ይራባል፤ ከማያውቃቸው ከብቶች ጋር ስለ ተደባለቀ ይፈራል። ረጅም መንገድ የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከመቶ እስከ 10 እጅ ሊያጣ ይችላል፤ 300 ኪሎ የነበረው ኮርማ 30 ኪሎውን በመንገድ ጥሎት መጣ ማለት ነው። ከዚህም አብዛኛው በመጀመሪያ የሆድ ዕቃና ውኃ ስለሆነ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። የጡንቻው ስንቅ ግን እንዲህ ቶሎ አይመለስም።

ቀደም ብለን በበሬና በኮርማ መካከል ያለው ልዩነት የስም ብቻ አይደለም ያልነው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ጮማ የሌለው ሥጋ ሥጋ አይመስለንም፤ ሰንጋ እንወዳለን። ከባሕሩ ማዶ፣ በዐረብ አገሮችና በግብፅ ያሉት ገዢዎች ግን ስቡ ያነሰ ቀይ ሥጋ ስለሚሹ ያልተኰላሸውን ኮርማ ይመርጣሉ። ኮርማ ደግሞ በጠባዩ ዕረፍት የለውም። እንግዳ ኮርማ ካየ ይዋጋል፤ በላዩ ላይ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋፋ ያድራል። የአንድ ሌሊት ጥል ሊያደርቀው የሚችለውን ስንቅ በሬ በጸጥታ ተኝቶ ይጠብቀዋል። በዓለም ላይ የጠቈረ ሥጋ ከተኰላሸው ይልቅ በኮርማው ላይ የሚበዛው በዚህ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ለውጭ ገበያ የምንመርጠው ከብትና የምንወስድበት መንገድ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ማለት ይቻላል። በአንድ ጋጥ ያደጉትን ሳይበታትኑ በአንድ ካሚዮን ጭኖ ማምጣት አንዳች ወጪ ሳያስወጣ ብዙ ጥል ያስቀራል፤ ይህን ግን እምብዛም የሚያስብበት አላየንም።

ሰው ሮጦ ቢደክም አንድ ሁለት ቀን በልቶ ስንቁን ይሞላል። ከብት ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል። ምክንያቱም የበላውን ሣር እንዳለ ወደ ስኳር አይለውጠውም፤ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ተሕዋስያን ያብላሉትና ወደ ልዩ ልዩ አሲድ ይለውጡታል፤ ጕበቱም ከነዚህ አንዱን ወስዶ እንደ ገና ስኳር ይሠራበታል። መንገዱ ጠማማ ነው። ገለባ ብቻ የቀረበለት ስንቁን ለመሙላት ከሳምንት በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ በቆሎ ወይም ማሽላ የተጨመረለት ይቀድማል።

ስለዚህ ዳመርጆግን ስናይ ሁለት ጥቅም አየንበት። ማቆያው የተሠራው ስለ በሽታ ነው። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ከአፍሪቃ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በታየ ጊዜ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪቃ ቀንድ የሚሄደውን ከብት ከለከሉ፤ ሳዑዲ ዐረቢያ ክልከላውን ያነሣችው በ2009 ነው። በነዚያ ዓመታት የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር የደረሰበትን ችግር ያዩ ሁሉ የምርመራን ዋጋ ያውቃሉ። ከብቱ ደሙ እስኪመረመር በግቢው ውስጥ ይቈያል፤ ነጋዴውም «መኖ ይበላብኛል፣ ቀኑ ይረዝምብኛል» እያለ ያጕረመርማል። እውነትም መኖ ከደጋ ወርዶ ሲሸጥ ውድ ነው። ነገር ግን ለሐኪሙ ተብለው የተቈጠሩት እነዚህ ቀኖች በደንብ የተቀለበበት እንደ ሆነ የጡንቻውንም ስንቅ የሚሞሉ ቀኖች ናቸው። በመኖው የሚቈጥብ ነጋዴ ጤነኛ ከብት ባዶ ስንቅ አስይዞ ወደ መርከብ ያወጣል። ባሕሩም እንደ ገና ያንገላታዋል። ማዶ ደርሶ ሳያርፍ ከታረደ፣ አርብቶ አደሩ በአምስት ዓመት ያሳደገው በአንድ ሳምንት ጠቍሮ ይታያል፤ ስሙም የሚጠፋው የአገሩ ነው።

ከታረደ በኋላ ስላለውም ጥቂት እንበል። እኛ ብርንዶ የምንበላ ሰዎች ሳናውቀው አንድ ጥበብ አለን። ከብት እንደ ታረደ ጡንቻው ለጥቂት ሰዓት ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ስንቁ ሲያልቅ ክሮቹ ተያይዘው ይደርቃሉ። ትኩሱን ሥጋ የሚበላ ሰው ሳይደርቅ ቀደመው ማለት ነው። ያልቀደመው ደግሞ መታገሥ አለበት፤ ሥጋው በብርድ ቤት ሲሰነብት በራሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ይፈቷቸዋል፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ብዙ ይለሰልሳል። ከሁለቱ መካከል፣ ማለት በማግሥቱ፣ ጠብሶ የሚበላ ከክፉው ሰዓት ላይ ወደቀ። ገና ትኩስ ሳለ ወደ ኀይለኛ ብርድ ማስገባትም ሌላ ጥፋት ነው፤ ሳይኮመጥጥ ከ10 ዲግሪ በታች የወረደ ሥጋ ተኰማትሮ ይጠነክራል፤ ትንንሽ በሆኑት በበግና በፍየል ሥጋ ላይ ይህ ይብሳል። ትኩስ ሥጋ ወደ ማቀዝቀዣ የምትከቱ እመቤቶች ልብ በሉ። ብርንዶ ስለሚያመጣው ስለ ኮሶ ትል ግን ዛሬ አንናገርም፤ ራሱን የቻለ ነገር ነውና።

ይህ ሁሉ ለወደብ ሰዎች ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ። ቅርጫ የሚገቡት ቤተ ሰቦች በዓሉ ሲቀርብ የሚያደርጉትን እናስብ። ቅርጫ ማለት ጐረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ገዝተው ሥጋውን በመደብ የሚካፈሉበት ልማድ ነው። በሬው በበዓሉ ዋዜማ ይገዛል፤ ከሩቅ አገር በካሚዮን ወይም በእግሩ የመጣ ነው፤ ከገበያው እስከ ሰፈር በጩኸት፣ በዱላና በመኪና ጥሩምባ መካከል እየተጐተተ ይሄዳል፤ ከግንድ ታስሮ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ይታረዳል። በልጅነታችን ይህን ስናይ ከበሬው ጀርባ እየጮኽን የምንሮጠው እኛው ነበርን። ሥጋው ሲጠቍር ግን «በሬው ደም አልወጣውም ነበር» ወይም «አራጁ አበላሸው» ይባላል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በሬውን ከበዓሉ አምስት ስድስት ቀን አስቀድማችሁ ግዙ፤ ጥላ ስር እሰሩት፤ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ፣ ቢቻል ጥቂት እህል ስጡት፤ ልጆች እንዳይነካኩት ከልክሉ። ቋንጣ የምታዘጋጅ እመቤት ከሁሉ ይልቅ ይህን ትጠይቅ፤ ያልኮመጠጠ ሥጋ ሳይደርቅ ቶሎ ይበላሻልና።

ከዳመርጆግ ከመሄዳችን በፊት ያን ሽማግሌ፣ «ከብቱ ማረፉን በምን ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሲያመሰኳ ነዋ» አሉን።

ማመስኳት ማለት ከብት ተጋድሞ የዋጠውን መኖ ወደ አፉ መልሶ ቀስ እያለ ማኘኩ ነው፤ የፈራና የተጨነቀ ከብት አያመሰኳም። ወደ በረቱ ተመልሰን ተመለከትን። ቀደም ብለው የመጡት በጥላው ሥር ተኝተው ሲያመሰኩ አየናቸው። ያ ነጭ ኮርማ ግን ገና ቆሞ ነበር። ሽማግሌው በባልዲ ውኃ ይዘው ወደ እርሱ ሄዱ፤ እኛም መኪናችን እስኪነሣ ድረስ በአጥሩ ላይ ተደግፈን ጠበቅን። ጥቂት ቈይቶ አፉን ወደ ባልዲው ሰደደ።